የትርሲት ፊልም በየደጁ

እኔ ከበሮ መቺ ነኝ። ስለዚህ በዚህ ዓለም ያየሁት ጥቂት፣ የሰማሁት ግን ብዙ ነው። ነገሩ የሆነበትን ከተማ ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ዳሩ ግን በእኛ ዘንድ የአገር ስም በአደባባይ መጥራት የቃል ደጅ ሰዎች ሥራ ነው፤ የሰው ሥራ ደግሞ አይነካም።

ከተማችን ክብ ናት፤ መሀሏ ሜዳ ነው፣ በሜዳው ዙሪያ ደጆች አሉ። የቀለም ደጅ አለ፣ የእንጨት ደጅ አለ፣ የዜማ፣ የቃል፣ የጥልፍ፣ የጭፈራና የመስታወት ደጅ አለ፤ የእኛም የከበሮ ደጅ አለ። ሰው ለሥራ ሲደርስ አንዱን ይመርጣል። ከመረጠ በኋላ እዚያው ይሠራል፣ እዚያው ይሸብታል፣ ሲሞትም የሚለቀስለት እዚያው ነው። ደጅ ያልያዘ ሰው “የመሀል ሰው” ይባላል። የመሀል ሰው ሜዳው ላይ እንደልቡ መቆም ይችላል፤ ማንም አይነካውም፣ ማንም ግን እንዴት አደርክ አይለውም። የሠራው ነገር ካለም ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ለየደጁ ይከፋፈላል።

ሕጋችን ቀላል ነው፤ ማንም የሌላውን ደጅ ሥራ አይነካም። ዘፋኞቻችን ቃል የሰው ስለሆነ “ላ ላ” ሲሉ ያመሻሉ። ገጣሚዎቻችን ግጥማቸውን ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ያነባሉ፤ ከፍ ዝቅ ካለ ዜማ ይሆናላ። የመስታወት ደጅ ሰዎች ካሜራ አላቸው፣ ፊልም ያነሳሉ። ሰው እንዳያነሱ ሰው ልብስ ይለብሳል፣ ልብስ ደግሞ የጥልፍ ደጅ ነው፤ ሳይለብስ እንዳያነሱት ነውር ነው። ስለዚህ ተራራ ያነሳሉ። ከፊልሞቻቸው አንዱን አይቻለሁ። ጥሩ ተራራ ነው።

እኛ ከበሮ መቺዎች ደግሞ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ነው የምንመታው። ጭፈራውን እያየ የሚመታ ሰው አንድ እግሩን ከሰው ደጅ አስገባ ይባላል፣ ደጁንም ይቀማል። ግድግዳችን በደንብ የተለሰነ ነው። አንድ ስንጥቅ አለው፤ ስንመታ ሁላችንም እሱን ነው የምናየው።

የደጃችን አውራ ጓንጉል ነው። አጠገቡ ቆሜ ስመታ ነው ያረጀሁት፤ እንደሱ ያለ እጅ ግን አልገጠመኝም። ሚስቱ ውባለም የጭፈራ ደጅ ሰው ነበረች፣ ከተማው እንደሷ የጨፈረ የለም ይላል። ጓንጉል ውባለምን ገበያ ስትወርድ አይቷታል፣ ስትስቅ አይቷታል፣ በመጨረሻም ታማ ስትተኛ አይቷታል። ስትጨፍር ግን አላያትም። እሷ ስትጨፍር እሱ ስንጥቁን ነበር የሚያየው። እግሯን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ከሞተች በኋላ አንዳንዴ ከበሮውን ታቅፎ፣ ግራ እግሯ ትንሽ ይዘገይ እንደነበር፣ እሱም ምቱን ያዝ አድርጎ ይጠብቃት እንደነበር፣ ይህንንም ጉድለቷን ማንም እንዳላወቀባት ያጫውተኛል። በዚህ ነገር ይኮራ ነበር። ባል የሚስቱን ጉድለት መሸፈኑ ደግ ነገር ነውና እኔም አደንቀው ነበር።

ሁለቱንም ያየች አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ ልጃቸው ትርሲት። ልጆች ደጅ ስለሌላቸው የትም መቀመጥ ይችላሉ። ትርሲትም ሜዳው መሀል ቁጭ ብላ በአንድ ዓይኗ የእናቷን ፊት፣ በሌላው የአባቷን ጀርባ እያየች አደገች። እኔ የዚህች ልጅ ጠባይ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ስታድግ እጇ አላርፍ አለ። በአሮጌ የድስት ክዳን ላይ ሥዕል ሣለች። ከተሰበረ የወንበር እግር አሻንጉሊቶች ጠረበች፣ ከእናቷ ቀሚስ ቁራጭ ልብስ ሰፋችላቸው። ግጥም ጻፈች፤ ጽፋም አላረፈች፣ ዜማ አበጀችለት። በየደጁ ስትሄድ መጀመሪያ ይወዷታል፣ ኋላ ያስወጧታል። የቀለም ደጅ ሰዎች ሥዕሎቿ ተነስተው መሄድ ያማራቸው ይመስላሉ፣ ይሄ ለተመልካች ጤና አይበጅም ብለው መለሷት። የእንጨት ደጅ ሰዎች የአሻንጉሊቶቿ ጉልበት መታጠፉን አልወደዱትም፤ የእነሱ አይታጠፍም። የዜማ ደጅ ሰዎች “ላ ላ” በሚለው መሀል አንዲት ቃል ስታስገባ ያዟት። ቃሏ “እማማ” የምትል ነበረች። ሰው ሁሉ ያችን የድሮ ተረት ይጠቅስባት ጀመር፤ ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት እያለ። ትርሲት መልስ አትመልስም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሷም ዝምታዋን እንደ ጥሩ እህል አስቀምጣው ነበር።

አንድ ቀን ከመስታወት ደጅ ጓሮ የተጣለ ካሜራ አገኘች። ካሜራው በስህተት አንድ መንገደኛ ከነካባው አንስቶ ስለነበር እንደ ርኩስ ቆጥረውት ነው የጣሉት። ከጎኑም በእጅ የሚዞር አሮጌ ፕሮጀክተር ነበረ። ሁለቱንም አዝላ ቤቷ ገባች። ከዚያ በኋላ ልጅቷ የምትፈልገው ምን እንደሆነ ለእሷም ለእኛም ግልጽ ሆነ። ሥዕሉ፣ እንጨቱ፣ ጨርቁ፣ ግጥሙና ዜማው ለየብቻቸው አልነበሩም፤ የአንድ ፊልም ብልቶች ነበሩ።

እንዴት ትሠራው እንደነበር ላውጋችሁ። ከምርጡ እንጨት አንዲት ሴት ጠረበች፣ ፊቷን በቀለም የእናቷን ፊት አደረገችው። ከዚያ አሻንጉሊቷን የጣት ጫፍ ታህል ታንቀሳቅሳትና በካሜራው ታነሳታለች፤ ደግሞ ታንቀሳቅሳታለች፣ ደግሞ ታነሳታለች። ክንድ ለማንሳት ብቻ ከጠዋት እስከ ምሳ ትቆያለች። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ እሷ አሁንም እዚያው ነበረች። አንድ ጊዜ ልጠይቃት ገብቼ፣ ልጄ ለማን ብለሽ ነው እንዲህ የምትለፊ ብላት፣ “ለአባባ ነው፣ ጋሼ። እንዲያያት ነው” አለችኝ። ወጥቼ ስሄድ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላት።

ችግሩ የደጅ በዓል መቃረቡ ነበር። በበዓሉ ሥራ ሁሉ ለሕዝብ ይታያል፤ ለሥራ የደረሰ ወጣትም ከዚያ በፊት ደጅ መያዝ አለበት። ትርሲት የመስታወት ደጅን ብትይዝ ፊልሟ ይቀራታል፣ ተራራ ታነሳለች። ሌላውን ብትይዝ ካሜራዋ ይወሰዳል። ምንም ባትይዝ የመሀል ሰው ትሆንና ያ ሁሉ ልፋት በየደጁ ይበተናል። ጓንጉል ተጨነቀ። አባት ነዋ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እኔም ባለሁበት፣ ተይ ልጄ አንዱን ያዢና ከሰው ተራ ግቢ አላት።

ትርሲት ጉርሻዋን አስቀመጠችና “አባባ፣ እማማ ስትጨፍር አይተሃት ታውቃለህ?” አለችው።

“ሰምቻታለሁ” አለ ጓንጉል። “ግራ እግሯ ብቻ ትንሽ ይዘገይ ነበር። እጠብቃት ነበር።”

ልጅቷ የሆነ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና ተወችው። “እንግዲያው ፊልሙን ማየት አለብህ” ብቻ አለች፣ ጉርሻዋንም መልሳ አነሳች። ደጅ አልያዘችም።

ሊቀ ደጃፍ መጡ። ሊቀ ደጃፍ ማለት ማንም ከሰው ደጅ እንዳይገባ የሚጠብቁት ሹም ናቸው። እሳቸው በዕድሜያቸው አንዳች ነገር ሠርተው አያውቁም፤ ለሹመቱ የተመረጡትም ስለዚህ ነው፤ አያዳሉማ። የየደጁን አለቆች አስከትለው ገቡና በእርጋታ ተቀመጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም።

“ምንድን ነሽ፣ ልጄ?” አሉ።

“ፊልም ሠሪ ነኝ።”

“እሱ መስታወት ደጅ ነው። ይሄ ሥዕልስ?”

“የፊልሙ ነው።”

“ዜማውስ? እንጨቱስ? ጨርቁስ?”

“ሁሉም የፊልሙ ነው፣ አባቴ።”

ሊቀ ደጃፍ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። “እንግዲያው ፊልምሽ ሌባ ነው። ያልሰረቀው ደጅ የለም” አሉ።

ከዚያ ክፍፍሉ ተጀመረ። ግጥሙ ለቃል ደጅ፣ ዜማው ለዜማ ደጅ ሄደ። አሻንጉሊቷ ለእንጨት ደጅ ሄደች፤ የቀለም ደጅ አለቃ ፊቷ የኛ ነው ቢሉም አንገቷን መቁረጥ ስላላስቻላቸው የሥዕል ክዳኖቹን ይዘው ወጡ። ፊልሙና ፕሮጀክተሩ ለመስታወት ደጅ ደረሱ። የጥልፍ ደጅ ሴትዮ ፊልሙ ውስጥ ቀሚስ አለ ብለው ተነሱ፤ የመስታወት ደጅ አለቃም አሻንጉሊት ሰው አይደለችም፣ የለበሰችውም ልብስ ሳይሆን ቅርፊት ነው ብለው ተከራከሩ። ሊቀ ደጃፍ ሁለቱንም ለማስታረቅ ፊልሙ የሚታይበትን ትልቅ ነጭ ጨርቅ ለጥልፍ ደጅ ሰጡ። ጨርቅ ጨርቅ ነው አሉ። የፊልሙ የከበሮ ምት ለእኛ ደረሰ፤ እሱም ውባለም ትጨፍርበት የነበረው የጓንጉል የራሱ ምት ነበር። የጭፈራ ደጅ ሰዎች ብቻ ምንም አልፈለጉም። እንጨት አይጨፍርም አሉ።

ትርሲት አንድ በአንድ ስታስረክብ ቆየች። አላለቀሰችም። ጓንጉል ነው ወደ ጓሮ የወጣው።

አሁን ደግሞ የእኛን አገር ጉድ ስሙ። በደጅ በዓል ደጆች ሥራቸውን የሚያሳዩት በየተራ ነው፣ በየዓመቱም ማን ይቅደም በሚል ይጣላሉ። በዚያ ዓመት ጠቡ ባሰ። ሁሉም የትርሲትን ሥራ ስለያዘ፣ ሁሉም ዘንድሮ የሚያምረው የኔ ነው ብሎ ስላመነ፣ ኋላ መሆንን የሚቀበል ጠፋ። በእጇ ሳለ ሌባ የተባለው ነገር እነሱ እጅ ሲገባ ቅርስ ሆኖ አረፈ። የዜማና የቃል ደጅ ሰዎች ድንጋይ ሊወራወሩ ሲቃጡ ሊቀ ደጃፍ ለአገር የሚበጅ ፍርድ ሰጡ፤ ማንም አይቅደም፣ ማንም አይከተል፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ሁሉም ደጅ በአንድ ከበሮ ምት ይጀምር። ከበሮውንም የደጁ አውራ ጓንጉል ይምታ። አገሩ በሙሉ ፍርዱን አደነቀ።

ፍርዱ ሲታወጅ ትርሲት ከጎኔ ነበረች። ፊቷን አይቻለሁ። የሳቀች አትመስልም ነበር፤ ግን ሰው የጠፋበትን ቁልፍ በኪሱ ሲያገኝ የሚሆነውን ሆነች።

በማግስቱ በየደጁ ትዞር ጀመር። የቃል ደጅ ሰዎች ግጥሙን የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስዱበት አያውቁም ነበር፤ መቼም የሠራሽው አንቺ ነሽና አሳይን አሏት፣ አሳየቻቸው። ለዜማ ደጅም አሳየች። ከበሮው ሲያዝ እናንተም ያዝ አድርጉ ብላ ለሁሉም አንድ ነገር ነገረች፤ ሁሉም ለእሱ ብቻ የተሰጠ ምክር መሰለው። የጥልፍ ደጅ ሰዎች ነጩን ጨርቅ ዳሩን ጠልፈው የት እንስቀለው ሲሉ፣ ከደጃችሁ አናት ላይ፣ ወደ ሜዳው ፊቱን አድርጋችሁ አለች። ከጥልፍ ደጅ ትይዩ ደግሞ የመስታወት ደጅ ነው። ፕሮጀክተሩ በመስታወት ደጅ ሰዎች እጅ አልዞር ስላለ፣ ለዚያች ምሽት ብቻ እሷው እንድታዞረው ለመኗት። ያመነታች መሰለች። ከዚያ እሺ አለች።

እኛ ደጅ ስትመጣ አባቷን የምታስተምረው አልነበራትም። “እንደ ድሮው ምታው፣ አባባ” አለችው። “ግራ እግሯ ላይ እንደ ድሮው ጠብቃት።”

በዓሉ ደረሰ። ሰው ሁሉ በየደጁ ተሰበሰበ፣ ሜዳው ላይ የቀሩት ጥቂት የመሀል ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጀምበር ስትጠልቅ እኔና ጓንጉል ፊታችንን ወደ ስንጥቁ አዞርን። እሱ መታ።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን አላየሁትም፣ ሰማሁት። ከቀኝ “ላ ላ” ተነሳ፤ ከግራ ያ ደረቅ የግጥም ንባብ ተነሳ፤ ሁለቱ ሜዳው መሀል ሲገናኙ ቃሉ ዜማ ለበሰ። እንዲህ ያለ ዘፈን በአገራችን ተሰምቶ አያውቅም። ዘፋኞቹ ቃል አላወጡም፣ ገጣሚዎቹም ዜማ አላወጡም፤ ማንም ሕግ አላፈረሰም። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ፤ ከመሀል ሰዎች አንዱ “ብርሃኑን እዩት፣ ጨርቁን እዩት” ይላል። የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሰው ከየደጁ እየወጣ ነበር፣ ከደጁ ቆሞ የሚያየው የራሱን ቁራጭ ብቻ ስለሆነ፤ ሙሉው የሚታየው ከመሀል ነው። ቀጥሎ ከጭፈራ ደጅ በኩል የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ። “ኧረ ውባለም ናት” አለች። “ኧረ አካሄዷ።”

ጓንጉል ሰማ። ጀርባው ሲደነግጥ አየሁት፤ ግን መምታቱን አላቋረጠም። የዕድሜ ልክ ትምህርት ቀላል አይደለም። ምቱ ሄዶ ሄዶ የግራ እግሯ ቦታ ደረሰ። ጓንጉል እንደ ልማዱ እጁን አንስቶ ያዘ። እግሯ እስኪያርፍ ጠበቀ። የእግሯ ድምፅ አልመጣም። ዜማው ቆመ፣ ግጥሙ ቆመ፤ ያን የሚያህል ሕዝብ ትንፋሹ አልተሰማም። ጓንጉል እጁ እንደተሰቀለ መጠበቁን ቀጠለ። እኔ በበኩሌ ፊልሙ ተበላሸ ብዬ ነበር። ማሽኑን ያቆመችው ትርሲት መሆኗን በምን አውቃለሁ?

ያን ጊዜ ጓንጉል ዞረ። በከተማችን ታሪክ እየመታ የዞረ ከበሮ መቺ አልነበረም። እሱ ሲዞር እኔም ዞርኩ፤ ጓደኛዬን ብቻውን ልተወው አልችልም።

በነጩ ጨርቅ ላይ፣ ከቤት የምትበልጥ ሆና፣ ውባለም ቆማለች። ግራ እግሯ አየር ላይ ነው። አልዘገየም፣ አልተሰናከለም፤ እንደ ላባ ይዛዋለች። ፊቷን በትከሻዋ በኩል መልሳ የምታየው የእኛን ደጅ ነው፣ የአንድን ከበሮ መቺ ጀርባ ታይበት በነበረው ዓይን። ምቱ እስኪመጣላት ትጠብቃለች። ያን ሁሉ ዓመት እሱ እግሯን፣ እሷ ምቱን እየጠበቁ ኖረዋል ማለት ነው፤ እያንዳንዳቸውም የሌላውን ጉድለት የሚሸፍኑ እየመሰላቸው።

ጓንጉል እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ እጁን ጣለ። ከሜዳው ማዶ ትርሲት ማሽኑን አዞረች። ምቱና እግሯ አንድ ላይ አረፉ።

“አልዘገየችም” አለኝ ጓንጉል፣ እጁ እየመታ። “ሰማህ? እኔን ነበር የምትጠብቀው።”

እስከ መጨረሻው ፊቱን ሳይመልስ መታ። ፊልሙ ሲያልቅ የተሰማው እልልታ የየትኛው ደጅ እንደሆነ እስከ ዛሬ መለየት አልተቻለም። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ይህቺ ልጅ ድክ ድክ ስትል አውቃታለሁ፤ ያን ምሽት ግን ከተማውን በሙሉ በአንዲት እጅ የምታዞር ይመስል ነበር። ቀና ብላ አባቷን ፈለገች፣ አገኘችው።

ሊቀ ደጃፍ ሥራቸውን ረስተው የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ባዶውን የደጆች ዙሪያ ተሻግረው፣ ጓንጉል ዘንድ መጡና ከበሮ ይዞ በመዞሩ ደጁን እንደተቀማ ነገሩት። ጓንጉል ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ ከደጃችን ደፍ ወረደ፣ ልጁ ማሽኑን ትታ ወደመጣችበት ወደ ሜዳው መሀል ሄደ። ሜዳው ላይ ሰላም የሚለው ሰው ያጣል ብዬ አልሰጋሁም፤ ከተማው በሙሉ እዚያ ነበር። እኔም ከኋላው ወረድኩ።

ሊቀ ደጃፍ ከባዶው ደጅ ሆነው፣ ለሥርዓቱ ያህል፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቁት። “እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ምንድን ነህ?” አሉት።

ጓንጉል የልጁን እጅ ያዘ። ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

“የትርሲት አባት ነኝ” አለ።